የሙያና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ድንበር፦ መሻገሪያው የት ነው?

በጁን 2021 በምሥራቅ ቻይና፣ ጂያንግሱ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ። ኮሌጃቸው ከአንድ የሙያ ኮሌጅ ጋር ሊዋሐድ መሆኑን ሰምተው ነበር። ያስጨነቃቸው በዲግሪያቸው ላይ የሚታተመው የተቋም ስም ነው፤ ቀጣሪ ያንን አይቶ ማመልከቻችንን ወደ ጎን ይጥለዋል ብለው ፈሩ። የኮሌጁን ኃላፊ ሠላሳ ሰዓት ያህል ከግቢ እንዳይወጡ አገቷቸው፤ ባለሥልጣናቱም ውህደቱን ለማቆም ተገደዱ። ይህ የሆነው የአገሪቱ መንግሥት የሙያ ትምህርትን ከፍ ለማድረግ ደፋ ቀና በሚልበት ወቅት ነው። በ2019 የተመረጡ የሙያ ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት እንዲጀምሩ ተፈቅዶ ነበር፤ በሜይ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ ሕግም የሙያ ትምህርትና መደበኛው ትምህርት እኩል ክብደት እንዳላቸው ደነገገ። ሕጉ እኩል ናቸው አለ፤ ተማሪዎቹ ግን ገበያው ለሁለቱ የሚሰጠውን ዋጋ ያውቁት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሙያ ትምህርትና በዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው ድንበር በመላው ዓለም እየተነቃነቀ ነው። ያነቃነቀው በመጀመሪያ ደረጃ ሥራው ራሱ ነው። የመኪና መካኒክ ዛሬ ኮምፒውተር ሳይከፍት የሞተሩን ችግር አያገኝም፤ ነርስ የምርምር ውጤት አንብባ ሕክምናዋን ማስተካከል ይጠበቅባታል፤ ኢንጂነሩም በበኩሉ ሽቦ ሳይነካ ከተመረቀ የሚቀጥረው የለም። ስለዚህ መንግሥታት ድንበሩን ለመቀየር መነሣታቸው ትክክል ነው። የሚለያዩት በአቀያየራቸው ነው፤ የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። የሙያ ተቋማትን ዩኒቨርሲቲ ብለው በመሰየም ድንበሩን ሊያጠፉ የሞከሩ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ያጡት በሁለቱ መካከል የነበረውን፣ ኢኮኖሚው እጅግ የሚፈልገውን የመካከለኛ ባለሙያ ሥልጠና ነው። ሁለቱን ዓይነት ትምህርት በየራሳቸው ባሕርይ አቆይተው፣ ወንዝ በመልካው እንደሚሻገሩት ሁሉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚታለፍበት መሻገሪያ ያበጁት ግን የተሻለ ውጤት አግኝተዋል።

ብሪታኒያ ለመጀመሪያው መንገድ ግልጽ ምሳሌ ናት። የትምህርት ሚኒስትሩ አንቶኒ ክሮስላንድ በአፕሪል 1965 በዉልዊች ባደረጉት ንግግር፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለጎን ለሥራ የቀረበ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ዘርፍ እንደሚያስፈልግ አስረዱ። በዚህ መነሻ ከ1969 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት በእንግሊዝና በዌልስ ሠላሳ ፖሊቴክኒኮች ተቋቋሙ። ፖሊቴክኒክ ሰፊ ቤት ነበር። በአንዱ ክፍል የዲግሪ ተማሪ ይማራል፤ በሌላው ቀጣሪው በሳምንት አንድ ቀን ፈቅዶ የላከው ቴክኒሺያን የሁለት ዓመት ዲፕሎማውን ይከታተላል፤ ማታ ደግሞ ከሥራ የወጣ ሰው ይገባል። ዲግሪው የሚሰጠው በራሳቸው በፖሊቴክኒኮቹ ስላልነበረ፣ ለዚሁ ሥራ በ1964 የተቋቋመ አገር አቀፍ ምክር ቤት ጥራቱን እያየ ያጸድቀው ነበር። ከዚያ የ1992ቱ ሕግ መጣና ፖሊቴክኒኮቹ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ለውጡ መልካም ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም። ከቤተሰባቸው ማንም ዩኒቨርሲቲ ረግጦ የማያውቅ በርካታ ወጣቶች በእነዚህ አዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ ይዘዋል፤ ይህን የሚያናንቅ ሰው ለማን እንደሚከራከር ራሱን ይጠይቅ። ነገር ግን ስሙ ሲቀየር ተቋማቱ የሚለኩበት መለኪያም አብሮ ተቀየረ። ገንዘብም፣ የደረጃ ሰንጠረዥም፣ የመምህር ዕድገትም ለምርምርና ለሙሉ ጊዜ የዲግሪ ተማሪ አደሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣው ቴክኒሺያን ለማንም የማያተርፍ እንግዳ ሆነ።

ውጤቱ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በቁጥር ታየ። ለመንግሥት በ2019 የቀረበው የኦገር ኮሚቴ ሪፖርት በወጣበት ጊዜ፣ በእንግሊዝ ዕድሜያቸው 25 ከሆነ ወጣቶች መካከል ከፍተኛ ማስረጃቸው ከሁለተኛ ደረጃ በላይና ከዲግሪ በታች የሆነ የቴክኒክ ወይም የሙያ ማስረጃ የነበራቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የቆሙትና ዲግሪ የያዙት ግን እያንዳንዳቸው ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ። መካከሉ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ የስም ለውጡን ብቻ መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም፤ በ2012 የትምህርት ክፍያው ጣሪያ ወደ 9,000 ፓውንድ ማሻቀቡ በሥራ ላይ ሆነው በትርፍ ጊዜ የሚማሩትን ክፉኛ ጎድቷል። ሆኖም ለእነሱ የሚቆረቆር፣ ሕልውናው በእነሱ ላይ የተመሠረተ ተቋም አለመኖሩ ጉዳቱን ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የፈረሰውን መልሶ ለመገንባት ሲደክም ይታያል። በ2015 ደመወዝ እየተከፈላቸው እየሠሩ ዲግሪ የሚይዙበትን ሥርዓት ጀመረ፤ በ2017 ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ድርጅቶች የግማሽ በመቶ የሥልጠና መዋጮ እንዲከፍሉ አደረገ። ድርጅቶቹ ግን ከዚህ ገንዘብ ቀላል የማይባለውን ነባር ሥራ አስኪያጆቻቸውን በማስተርስ ደረጃ ለማስተማር አዋሉት። መንግሥት ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በዚያ ደረጃ ለሚሰጠው ሥልጠና ገንዘቡን በዋናነት ከ22 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች መወሰኑ የዚህ ውጤት ነው።

አፍሪካም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ ቴክኒኮን የሚባሉትን ተቋሞቿን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አደረገቻቸው፤ ጋና ፖሊቴክኒኮቿን ከ2016 ጀምሮ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ብላ ሰየመች። በደቡብ አፍሪካ ከሥር የቀሩት 50 የመንግሥት የሙያ ኮሌጆች ከበላያቸው ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚያገናኛቸው ደረጃ ተነሥቶ ለብቻቸው ቆሙ። በናይጄሪያ ደግሞ የፖሊቴክኒክ ከፍተኛ ዲፕሎማ የያዘና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዘ ሰው በቅጥርና በዕድገት እኩል አለመታየታቸው ለአሥርተ ዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። የናይጄሪያ ጭቅጭቅ የስም ለውጥ ፈላጊዎችን ስሜት እንድንረዳ ያግዘናል። የሲቪል ሰርቪስ ደንብ የአንዱን ማስረጃ ከሌላው ዝቅ አድርጎ ጣሪያ ሲያበጅለት፣ ተቋሙ ስሙን ለመቀየር ቢሯሯጥ አይፈረድበትም። ግን መድኃኒቱ ደንቡን መቀየር ነው፤ ደንቡ ሳይነካ ስሙ ቢቀየር መናናቁ ዝቅ ብሎ በሚቀጥለው ተቋም ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ስዊዘርላንድ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ስለዚህች አገር የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው። ከሦስት ወጣቶች ሁለቱ ያህል ከግዴታ ትምህርት በኋላ ወደ ሙያ ሥልጠና እንደሚገቡ፣ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ከቀጣሪ ዘንድ እየሠሩና እየተከፈላቸው፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ደግሞ በትምህርት ቤት እንደሚያሳልፉ ይታወቃል። ያን ያህል የማይወራው፣ ይህ ሥርዓት በ1990ዎቹ መጀመሪያ አደጋ ላይ እንደነበረና ያዳነው ምን እንደሆነ ነው። ወላጆች ልጆቻቸው በሙያ መስመር ከገቡ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ ብለው መስጋት ጀምረው ነበር። መንግሥት የሙያ ትምህርት ቤቶቹን ስም አልቀየረም። ይልቁንም በ1994 ከሙያ ሥልጠናው ጋር ተደርቦ ወይም ከሥልጠናው በኋላ የሚወሰድ፣ ቋንቋ፣ ሒሳብና ሌሎች አጠቃላይ ትምህርቶች የሚፈተኑበት የሙያ ማትሪክ አቋቋመ። በ1995 ሕግ አወጣና ከ1997 ጀምሮ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ። የሙያ ማትሪክ ያለፈ ኤሌክትሪሺያን በሙያው ዘርፍ ወደ እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ተጨማሪ ፈተና ይገባል። ከዚያም በላይ ካሻው ማሟያ ፈተና ተፈትኖ የዙሪኩን የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጨምሮ ወደ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው አቅጣጫ ነው። በአካዳሚ መስመር ተምሮ ማትሪኩን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ወደ ተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲፈልግ በመርሕ ደረጃ የአንድ ዓመት የሥራ ልምድ ማቅረብ አለበት። ኤሌክትሪሺያኑ ሒሳብ ጎድሎት እንደሆነ ሒሳብ እንዲያሟላ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ የአካዳሚው ልጅም እጁ ሥራ ካልቀመሰ እንዲያሟላ ይጠየቃል። እኩልነት ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን የጎደለው ነገር እንዳለ በሕግ ማመን። የዩ.ቢ.ኤስ. ባንክን የሚመሩት ሰርጂዮ ኤርሞቲ የሥራ ሕይወታቸውን የጀመሩት በሉጋኖ በአንድ ባንክ በወጣት ሠልጣኝነት መሆኑን ለስዊዘርላንድ ወላጅ መንገር አያስፈልግም። ልጁን ወደ ሙያ ሲልክ በሩን እየዘጋበት እንዳልሆነ ያውቃል። በ2013 ደግሞ አገሪቱ የሙያ ትምህርትንና ዩኒቨርሲቲዎችን ይመሩ የነበሩትን ሁለት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር አዋሐደቻቸው። መሻገሪያው በሁለት ጌቶች መካከል እንዳይወድቅ የተወሰደ ብልህ እርምጃ ነው።

ጀርመን ሁለቱንም ነገር ሞክራለች፤ ስለዚህ ለማነጻጸር ትመቻለች። በ2009 የክፍላተ ሀገራቱ የትምህርት ሚኒስትሮች፣ ማይስተር የሚባለውን ከፍተኛ የእጅ ሙያ ማረጋገጫ የያዘ ሰው ያለ አካዳሚ ማትሪክ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ እንዲችል ተስማሙ። በ2020 ደግሞ በሕግ «ባችለር ፕሮፌሽናል» የሚል ማዕረግ ለዚሁ ደረጃ ተሰጠ። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶቹ ጉባኤ ማዕረጉ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ጋር ይምታታል ብሎ አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። በእኔ ግምት የ2009ኙ ውሳኔ ከ2020ው እጅግ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ሰውን ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሳል፣ ሁለተኛው ወረቀቱን ብቻ ያስውባል። እርግጥ በተከፈተው በር የሚገቡት ማይስተሮች ከጠቅላላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ባለሙያ ደመወዙን ትቶ ለአራት ዓመት መማር አይችልምና። ይህን ችግር በደንብ የመለሰው በ1974 በሽቱትጋርትና በማንሃይም ተጀምሮ በ2009 የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተሰጠው የባደን-ቩርተምበርግ ጥምር ተቋም ነው። ተማሪው ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ይገባል፣ በየሦስት ወሩ ያህል ከድርጅቱ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ድርጅቱ ይመላለሳል፣ በሁለቱም ጊዜ ይከፈለዋል። በተቃራኒው አቅጣጫም ሰዎች ይሻገራሉ፤ በአሁኑ ጊዜ የሙያ ሥልጠና ውል ከሚፈርሙት ጀርመናውያን ወጣቶች ከአራት አንዱ በላይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ማስረጃ በእጁ ያለው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሠልጣኝ የሚቀበሉ ኩባንያዎች በሞሉበት አገር ነው፣ ልጆችን ገና በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ዓመታቸው የሚከፋፍል ሥርዓትም ነው፣ የደኃና የስደተኛ ልጅ ሁልጊዜ ወደ ሙያው ይገፋል። የመጀመሪያው ነጥብ እውነት ነው፤ የስዊዘርላንድን ኩባንያ በአዋጅ ማምጣት አይቻልም። ሁለተኛውም እውነት ነው፤ በብዙዎቹ የጀርመን ክፍላተ ሀገር ምርጫው የሚደረገው ከአራተኛ ክፍል በኋላ ሲሆን ይህ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ግን እነዚህ ነጥቦች መሻገሪያውን የሚቃወሙ ሳይሆኑ ይበልጥ የሚያስፈልግበትን ምክንያት የሚያሳዩ ናቸው። ልጅ ቶሎ የሚመረጥበት አገር ውስጥ በኋላ ሐሳብ መቀየር ካልተቻለ በደሉ ለዕድሜ ልክ ነው። ኩባንያ በማይበዛበት አገርም ቢሆን የተማረውን ትምህርት መዝኖ ለሚቀጥለው ደረጃ መቁጠር የኩባንያ ብዛት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በሁለት ተቋማት መካከል የተፈረመና የሚከበር ስምምነት ነው።

ስምምነቱ ሳይከበር ሲቀር ምን እንደሚሆን አሜሪካ ታሳየናለች። በዚያ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የተለመደ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ ያውቁታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ መሻገሪያ የለም። ሆኖም የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ካገኙት ክሬዲት 43 በመቶውን ያጣሉ። ከፍለው፣ ተፈትነው፣ ያለፉት ኮርስ ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት የጋራ መርሐ ግብር ተማሪው ገና ኮሌጅ ሲገባ እስከ ዲግሪ የሚወስደውን ኮርስ አንድ በአንድ ያሳየዋል። ክሬዲቱ የሚቆጠርለት መሆኑን ከአንደኛው ቀን ጀምሮ ያውቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ይመጣል፦ ከሙያ የሚመጣው ተማሪ መሠረታዊ ሒሳብና ንድፈ ሐሳብ ስለሚጎድለው ደረጃውን ያወርደዋል። ስጋቱ ሐቀኛ ነው፤ መልሱ ግን ቀደም ሲል ባየናት ስዊዘርላንድ አለ። ማሟያ ፈተናው ከባድ ነው፣ ያለ ዝግጅት የሚታለፍ አይደለም። መሻገሪያ ማለት መስፈርት ማውረድ አይደለም፤ የጎደለውን የሚሞላበት ጊዜና ቦታ መስጠት ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ክብር ይቅደም የሚል ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ስም ካልተሰጠው ጎበዝ ወጣት ወደ ሙያ አይመጣም ይላሉ። በእኛ አገር ይህን የሚል ሰው የሚናገረው ከቁስል ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ መናቁ ግን በአዋጅ አልጠፋም። ወጣቱን ወደ ሙያ የሚስበው ነገ የት እንደሚያደርሰው ማየቱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በእጃቸው እያለ ሙያን የመረጡት የጀርመን ወጣቶች ይህን ይመሰክራሉ።

ኢትዮጵያ የስም ለውጡን መንገድ ቀድማ ሄዳበታለች። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅም በሂደት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያስፈልጉ ነበር፤ የቴክኒሺያን ማሠልጠኛዎቹም እንዲሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በጀርመን ድጋፍ የሙያ ደረጃዎችና የብቃት ምዘና ተዘረጉ። ደረጃዎቹ ለዓመታት ከ1 እስከ 5 ነበሩ፤ አሁን እስከ 8 እንዲደርሱ ተደርጎ ሙያው በራሱ መሰላል እስከ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚወጣበት መንገድ ታስቧል። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ግን ስጋትም አለኝ። ሁለት መሰላሎች ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው መረማመጃ ከሌለ ድንበሩ ወደ ላይ ረዘመ እንጂ አልታለፈም። በ2014 ዓ.ም. የሙያ ሥልጠናው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲዛወር ዩኒቨርሲቲዎቹ በትምህርት ሚኒስቴር ቀሩ። ስዊዘርላንድ ሁለት ቢሮ አንድ ካደረገች ከዓመታት በኋላ እኛ አንዱን ሁለት አደረግን። ሙያ ከሥራ ገበያ ጋር እንዲቀራረብ መደረጉ ምክንያት አለው፤ የሁለቱ ሚኒስቴሮች የጋራ ሥራ ካልታከለበት ግን ደረጃ 4 የጨረሰ ሠልጣኝ የተማረው በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት ኮርስ ተብሎ እንደሚቆጠርለት የሚመልስለት ባለቤት የለም።

ጥያቄው አሳሳቢ የሆነው በፈተናው ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ወጣቶች አብዛኛዎቹ የሚነገራቸው «ወደ ቴክኒክና ሙያ ሂዱ» ተብሎ ነው። የወደቀ ብቻ የሚገባበት ቤት እንዴት ይከበራል? ከወደቁት መካከል የተሻለ ውጤት ላላቸው ግን መንግሥት የሪሚዲያል ፕሮግራም ከፍቶ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ አስተምሮ፣ ፈትኖ፣ ያለፉትን አንደኛ ዓመት እያስገባ ነው። ማለትም ማሟያ ትምህርት መስጠት እንደሚቻል በተግባር አረጋግጠናል። በዚሁ ክፍል ደረጃ 4 ያለው፣ ምዘናውን ያለፈ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራ ኤሌክትሪሺያን ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ለምን አይቀመጥም? በኤሌክትሪክ፣ በአውቶሞቲቭ፣ በነርሲንግና በሒሳብ አያያዝ የሁለቱ ተቋማት ትምህርት እጅግ ስለሚቀራረብ ጅማሬው ከእነዚህ ሊሆን ይችላል። ኮርሶቹን አቻ ለአቻ አስቀምጦ መፈረም ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው በሥራ ላይ ላለ ሰው የማታና የቅዳሜ ክፍል፣ የምዘናው ውጤት የሚታመንበት ጥንቃቄ፣ እንዲሁም ስምምነቱን ያላከበረ ተቋም የሚጠየቅበት ደንብ ነው። ሌላኛው አቅጣጫም አይዘንጋ። የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት ዘርፎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተመራቂ ተማሪዎች ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። አራትና አምስት ዓመት ተምሮ ማስረጃ ያላገኘው የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚችለውን በወርክሾፕ አሳይቶ በደረጃ 4 ወይም 5 እንዲመዘን ማድረግ ይቻላል፤ የምዘና ማዕከላቱ ዛሬም በየክልሉ አሉ።